ረጃጅም ሴቴዎችን እየመረጡ የሄምፕ ቃጫ ለምን አይጨምርም?

ጥያቄው፦ «ሄምፕ (አስካሪ ያልሆነውን የካናቢስ ዓይነት) የምዘራው ለአገዳው ቃጫ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ረጃጅሞቹንና ወፋፍራሞቹን ሴቴ ተክሎች መርጬ፣ ዘራቸውን ለብቻ አስቀምጬ መልሼ ዘርቻለሁ። ተክሉ ረዝሟል። ከአገዳው የሚወጣው ቃጫ ግን በመቶኛ ሲሰላ ከድሮው አይሻልም፤ እንዲያውም የቀነሰ ይመስለኛል። ወንዴዎቹ ዘር ስለማይሰጡና ቀድመው ስለሚደርቁ፣ ጥሩ ጥሩዎቹን ለቃጫ ቀድሜ አጭዳቸዋለሁ። ስህተቴ የት ላይ ነው? እንደ ኬናፍ ወይም ራሚ ካሉ ሌሎች የአገዳ ቃጫ ተክሎች ጋር ማዳቀልስ ይረዳ ይሆን?»

ምላሽ፦

ከመጨረሻው ልጀምር፣ መልሱ አጭር ነውና። አይዳቀሉም። ኬናፍና ጁት የጥጥ ዘመዶች ናቸው፤ ራሚ የሳማ ዘመድ ነው፤ ተልባ ደግሞ የራሱ ቤተሰብ አለው። ሄምፕ ከእነዚህ ከአንዳቸውም ጋር ፍሬ አይዝም። «ሱን ሄምፕ» የሚባለው ከባቄላና ከአተር ወገን ነው፤ «ማኒላ ሄምፕ» የሚባለው የሙዝ ዘመድ ሆኖ ቃጫው የሚወጣው ከቅጠሉ እግር ነው። ስማቸው እንጂ ደማቸው አንድ አይደለም። በቅርብ ዝምድና ያለው የቢራ ሆፕ ነው፤ እሱም ቢሆን ከሄምፕ ጋር ዲቃላ አይሰጥም። ስለዚህ ለሄምፕ ማሻሻያ የሚሆን ወላጅ የሚገኘው እዚያው ሄምፕ ውስጥ ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። በጻፉት ውስጥ ሁለት ስህተቶች ይታዩኛል፤ አንዱ በሌላው ላይ ይደመራል።

የመጀመሪያው አባቱ ነው። ሄምፕ በአብዛኛው ወንዴና ሴቴው በተለያየ ተክል ላይ የሚገኝ፣ ብናኙን ነፋስ የሚያደርስለት ተክል ነው። ሃያ ክሮሞሶም አለው፤ ሴቴዋ ሁለት ኤክስ፣ ወንዴው ኤክስና ዋይ ይይዛል፤ ማሳው ላይ ቁጥራቸው በግምት እኩል ለእኩል ነው። እርስዎ የመረጧት ሴቴ የተሸከመችው ዘር ግማሽ ርስቱ ከእሷ ነው፤ ሌላው ግማሽ ከየትኛው ወንዴ እንደመጣ አይታወቅም። አንድ የወንዴ አበባ ብቻውን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ብናኝ ስለሚያወጣ፣ አንድ ተራ ወንዴ ማሳው ጥግ ላይ ቆሞ ብዙ ምርጥ ሴቴዎችን ሊያስረግዝ ይችላል።

በቁጥር እንየው። የማሳዎ አማካይ የቃጫ ይዘት 22 በመቶ ነው እንበል። የመረጧቸው ሴቴዎች 28 በመቶ ቢኖራቸው ብልጫቸው 6 ነጥብ ነው። ወንዴዎቹ ሳይመረጡ ከቀሩ የእነሱ ብልጫ ዜሮ ነው፤ የወላጆቹ አማካይ ብልጫ 3 ይሆናል። ከብልጫው ግማሹ ወደ ልጅ ይተላለፋል ብለን ብንይዝ (የመወረስ መጠን 0.5)፣ በሚቀጥለው ትውልድ የሚያገኙት ጭማሪ 1.5 ነጥብ ብቻ ነው። ወንዴዎቹንም በዚያው ልክ ቢመርጡ 3 ነጥብ ያገኙ ነበር። ያው ማሳ፣ ያው ዓመት፣ ያው ልፋት።

የእርስዎ ሁኔታ ግን ከዚህም የባሰ ነው። «ጥሩ ጥሩዎቹን ወንዴዎች ለቃጫ ቀድሜ አጭዳለሁ» ብለዋል። ብናኛቸውን ሳይረጩ ከታጨዱ፣ ለአባትነት የቀሩት እርስዎ የናቋቸው ናቸው። በሴቴ በኩል ወደ ላይ እየጎተቱ በወንዴ በኩል ወደ ታች እየገፉ ነው ማለት ነው። ከረጩ በኋላ ከታጨዱ ጉዳቱ ይቀንሳል፤ ምርጫ ግን የለም።

ሁለተኛው ስህተት የመረጡበት መለኪያ ነው። ቃጫው ያለው በአገዳው ቆዳ፣ በልጡ ውስጥ ነው፤ ከልጡ ሥር ያለው እንጨት ነው። አገዳ ሲወፍር ከልጡ ይልቅ እንጨቱ በፍጥነት ያድጋል። ስለዚህ ወፍራም አገዳ በጠቅላላ ክብደት ብዙ ቃጫ ሊሰጥ ቢችልም፣ በመቶኛ ሲሰላ ብዙውን ጊዜ ከቀጭኑ ያነሰ ነው። ወፍራም ተክል የሚገኘው ደግሞ የት ነው? ማሳው ዳር፣ ጎረቤቱ የሞተበት ክፍት ቦታ ላይ፣ ማዳበሪያው የተከማቸበት። ይህ የቦታው ስጦታ ነው፤ በዘር አይተላለፍም። ርዝመትም ራሱን የቻለ ወጥመድ አለው፤ ሄምፕ ቀኑ ሲያጥር የሚያብብ ተክል ስለሆነ፣ ዘግይቶ የሚያብበው ረዝሞ ይገኛል። ረጅሙን መምረጥ ማለት ሳይታወቅ ዘግይቶ የሚያብበውን መምረጥ ነው። የእርስዎ ማሳ የረዘመው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። በጥቂት ተጨማሪ ትውልዶች ውስጥ ዘሩ ሳይበስል የእርሻው ወቅት ሲያልቅብዎ ያዩታል።

አሁን መፍትሔው። ወንዴው ብናኙን ከመርጨቱ በፊት የቃጫ ይዘቱን እንዴት ማወቅ ይቻላል? ቃጫውን ለመለካት አገዳው መቆረጥ አለበት፤ አገዳው ከተቆረጠ ደግሞ አባት አይሆንም። ይህን ቋጠሮ የፈታው ሐምቡርግ ውስጥ ይሠራ የነበረው ጀርመናዊ ጉስታቭ ብሬደማን ነው፤ ዘመኑ የ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ሊያብብ የደረሰውን ወንዴ አገዳ ለሁለት ሰንጥቀህ ግማሹን ለምርመራ ውሰድ፣ ግማሹ ቆሞ ይኑር። ውጤቱ እስኪታወቅ ተክሉ በሕይወት ይቆያል፤ ዝቅተኛ የሆነው ሳያብብ ይነቀላል፣ ከፍተኛው ብቻ አባት ይሆናል። በዚህ መንገድ ለበርካታ ትውልዶች ሲመረጥ የሄምፕ የቃጫ ይዘት ከሁለት እጥፍ በላይ አድጓል። ሃንጋሪያዊው ኢቫን ቦቻ ኮምፖልቲ የሚባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የተመዘገበውን ዝርያ ያወጣው በዚሁ መርህ ነው። ብሬደማን በዚያው ትዕግስት ሳማንም ለቃጫ አሻሽሏል፤ ዘዴ ከተክል ወደ ተክል ይሻገራል፣ ዘር ግን አይሻገርም።

ሥራው ማሳ ላይ ምን ይመስላል? በመጀመሪያ የመምረጫው ማሳ ከቃጫው ማሳ መለየት አለበት። ለቃጫ ሲዘራ ጥቅጥቅ ተደርጎ ነው፤ በሄክታር 60 ኪሎ ግራም፣ የሺህ ፍሬ ክብደት 18 ግራም ከሆነ በካሬ ሜትር 330 ያህል ፍሬ ይወድቃል። በእንዲህ ያለ ማሳ ውስጥ ገብቶ አንድን ተክል መሰንጠቅ አይታሰብም፤ ተክሎቹም እርስ በርስ እየተናነቁ ልዩነታቸው ከዘራቸው ይልቅ ከዕድላቸው ይመጣል። በጣም አራርቆ መትከልም ሌላ ችግር አለው፤ ተክሉ ቅርንጫፍ ያበዛል፣ አገዳው ይወፍራል፣ በቃጫ ማሳ ላይ የማይኖረውን ጠባይ ያሳያል። በመስመርና በመስመር መካከል 50 ሴንቲ ሜትር፣ በተክልና በተክል መካከል 10 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም በካሬ ሜትር 20 ተክል፣ ጥሩ መካከለኛ ነው። አንድ ጉድጓድ ውስጥ ሁለት ሦስት ፍሬ ጥለው ችግኙ ሁለት ጥንድ ቅጠል ሲያወጣ ወደ አንድ ያሳንሱ፤ ክፍት ቦታ እንዳይኖር ነው። ዙሪያውን ሁለት መስመር የዳር መከላከያ ይዝሩና ከእነሱ ምንም አይምረጡ። አንድ ሺህ ተክል ለመጀመር በቂ ነው፤ ቦታው 50 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል።

ማሳውን በክር ወደ ሃያ እኩል ክፍሎች ይክፈሉት። ምርጫው በየክፍሉ ውስጥ ይሁን እንጂ በጠቅላላው ማሳ ላይ አይሁን። ከእያንዳንዱ ክፍል ጥቂት ምርጥ ከወሰዱ፣ አፈሩ የለማበት ጥግ ብቻውን አሸናፊዎችን ሁሉ አያቀርብም።

ወንዴውን ቀድሞ መለየት ዓይን ይጠይቃል። ከዋናው አገዳ አንጓዎች ላይ፣ የቅጠሉ እግር ከአገዳው በሚጋጠምበት ብብት ውስጥ በማጉያ መነጽር ይመልከቱ። የወንዴው እምቡጥ አጭር እግር ያላት ክብ ኳስ ትመስላለች፤ የሴቴዋ ደግሞ ሾጠጥ ብላ ከጫፏ ሁለት ነጫጭ ክሮች ታወጣለች። ወንዴዎቹ በሙሉ በአንድ ቀን አይገለጡም፤ በየሁለት ቀኑ ዞር እያሉ በቀለም ክር ምልክት ያድርጉ።

እምቡጦቹ ታይተው ገና ጥብቅ እያሉ መሰንጠቁ ይጀመራል። በዋዜማው ማሳውን ያጠጡ፤ ሥራውን ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ይሥሩ። ከአገዳው መካከለኛ ቁመት ላይ 25 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ይለኩ። በላይኛውና በታችኛው ጫፍ ላይ ስለቱ እስከ አገዳው መሀል ብቻ እንዲገባ አድርገው አግድም ይቁረጡ። ከዚያ በቀጭን ስለት ከላይ ወደ ታች ሰንጥቀው ግማሹን ያንሱ። የሄምፕ አገዳ መሀሉ ክፍት ስለሆነ ስለቱ መንገዱን በቀላሉ ያገኛል፤ ጠመም ካለ ግን አንደኛው ግማሽ ወፍሮ ሌላው ይቀጥናልና በአንጓው ላይ ሲያልፉ እጅዎን ያረጋጉ። የተነሳው ግማሽ ልጡንም እንጨቱንም በእኩል ድርሻ መያዝ አለበት፤ መቶኛው ትክክል የሚሆነው በዚህ ነው። የቀረውን ግማሽ በቀጭን ዱላ ደግፈው ከላይም ከታችም ይሰሩት፤ ያለ ድጋፍ የመጀመሪያው ነፋስ ይሰብረዋል። ግማሽ አገዳ ቅጠሉን ውኃ ለማጠጣት ይበቃዋል፤ ለሁለት ቀን ጠውለግ ቢል አይደንግጡ።

ይህ ይከብደኛል ካሉ አማራጭ አለ። ከእያንዳንዱ ወንዴ የጎን ቅርንጫፍ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጠው ሥር እንዲያወጣ በእርጥበታማ ቦታ ይትከሉ፤ በቀን 18 ሰዓት ብርሃን ካገኘ ማበቡ ይዘገያል። ከዚያ ዋናውን ተክል ሙሉ በሙሉ መቁረጥና መመርመር ይቻላል፤ ያሸነፈው ወንዴ በቁራጩ ተመልሶ ይመጣል። ብርሃን የሚቆጣጠሩበት ቤት ካለዎት እኔ የምመርጠው ይህን ነው፤ ጊዜ ይሰጣል፣ አገዳውንም ከጫፍ እስከ ጫፍ ለማየት ያስችላል።

የቃጫ ምርመራው በኮስቲክ ሶዳ ይሠራል። የተነሳውን ግማሽ ቅጠልና የቅጠል እግር አጽድተው በ60 ዲግሪ ያድርቁት፤ በአንድ ሰዓት ልዩነት የተመዘኑ ሁለት ሚዛኖች እኩል ሲሆኑ ደርቋል። ይመዝኑ። በአንድ ሊትር ውኃ 20 ግራም ሶዳ ይሟሟ፤ ሶዳውን ወደ ውኃው ነው የሚጨምሩት፣ ውኃውን ወደ ሶዳው አይደለም፤ ጓንትና የዓይን መከላከያ ግዴታ ነው። ናሙናዎቹን በየናይለን መረብ ከረጢታቸው አድርገው ለአንድ ሰዓት በለሆሳስ ያፍሉ። ድስቱ የማይዝግ ብረት ይሁን። አሉሚኒየም ድስት በሶዳ ይበላል፣ የሚቀጣጠል ጋዝም ያወጣል። የአሉሚኒየም ቁጥር መለያም እንዲሁ ድስቱ ውስጥ ይጠፋል፤ የፖሊስተር ከረጢት ደግሞ በትኩስ ሶዳ ይላላል። ምልክቱ የጠፋ መቶ ናሙና በእጅ ይዞ መቅረት በዚህ ሥራ የተለመደ አደጋ ነው።

ከፈላ በኋላ ልጡ ከእንጨቱ በጣት ይላቀቃል። እንጨቱን ይጣሉ፤ ልጡን በሚፈስ ውኃ ሥር በጣቶችዎ እያሹ አረንጓዴውና ሙጫማው እስኪለቅ ያጥቡት። በእጅዎ የሚቀረው ቀጭን፣ ነጣ ያለ ክር ነው። በጣም በቀጠነ ኮምጣጤ አንዴ፣ በንጹሕ ውኃ ሁለቴ ያለቅልቁት። መልሰው በ60 ዲግሪ ያድርቁት፤ ከማድረቂያው ሲወጣ በክዳን በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያቀዝቅዙት። ቃጫ ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ በተራ የአየር ሁኔታ እስከ 12 በመቶ ገደማ ክብደት ይጨምራል፤ ጠረጴዛ ላይ ተትቶ ከሰዓት በኋላ የተመዘነ ናሙና ጠዋት ከተመዘነው ጋር አይወዳደርም።

ሚዛኑ እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ይሁን። ምክንያቱ ይኸውልዎ፦ ግማሽ አገዳ ደርቆ 1.60 ግራም ቢመዝንና ቃጫው 0.40 ቢሆን ይዘቱ 25 በመቶ ነው። ሚዛኑ በ0.05 ግራም ቢሳሳት 28 በመቶ ያነብልዎታል። ይህ ስህተት ብቻውን በምርጥና በተራ ወንዴ መካከል ካለው ልዩነት ሊበልጥ ይችላል።

በየድስቱም አንድ የመቆጣጠሪያ ናሙና ይጨምሩ። ጥቂት አገዳዎችን ደቃቅ አድርገው ቆራርጠው በደንብ ያደባልቁ፤ ከዚያ ድብልቅ በእያንዳንዱ ድስት ተመሳሳይ መጠን ይክተቱ። የመቆጣጠሪያው ውጤት በሁለት ድስቶች መካከል ከአንድ ነጥብ በላይ ከተለያየ፣ አንደኛው ድስት አንሶ ወይም በዝቶ ፈልቷልና ናሙናዎቹን በቀጥታ አያወዳድሩ።

ጊዜ ካጠረዎት ወይም ወንዴው ከበዛ፣ ሶዳውን ለመጨረሻው ዙር ያቆዩትና መጀመሪያ በልጥ ክብደት ያጣሩ፦ ናሙናውን ገና እርጥብ ሳለ ልጡን ይላጡ፣ ልጡንና እንጨቱን ለየብቻ አድርቀው ይመዝኑ። የልጥ መቶኛ ከቃጫ መቶኛ ጋር በአንድ አቅጣጫ ይሄዳል፤ ደካማውን ግማሽ ለመጣል ይበቃል። አሸናፊውን ለመምረጥ ግን አይበቃም፣ በልጡ ውስጥ ቃጫ ያልሆነ ብዙ ነገር አለና።

ሲያወዳድሩ ወፍረቱን አይርሱ። የእያንዳንዱን ናሙና ወፍረት ከመሰንጠቅዎ በፊት በካሊፐር ለክተው ይጻፉ፤ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ያሉትን እርስ በርስ፣ ከ8 እስከ 10 ያሉትን እርስ በርስ ያወዳድሩ። አለበለዚያ ቀጫጫውን ሁሉ ምርጥ ብለው ይሰበስቡና በሦስተኛው ትውልድ ቃጫው በመቶኛ አድጎ በሄክታር ያነሰ ማሳ ይኖርዎታል። ይህ እርስዎ አሁን ካሉበት ስህተት ተቃራኒው ነው፤ ብዙ ሰው ከአንዱ ሸሽቶ ሌላው ውስጥ ይገባል።

ስንት ወንዴ ይቅር? በጣም ጥቂት ማስቀረት ፈታኝ ነው፣ ምርጡ አምስት ሲቀር ምርጫው የጠነከረ ስለሚመስል። በአምስት ወንዴና በ200 ሴቴ የተዋለደ ማሳ ግን በርስት ሲታይ ከሃያ ተክል አይበልጥም። ስሌቱ ወንዴ በሴቴ ተባዝቶ በአራት፣ ለድምራቸው ሲካፈል ነው፦ 4,000 ለ205። ሄምፕ በዘመድ ሲጋባ ቶሎ ይደክማል፤ ቁመት ይቀንሳል፣ ዘርም ያንሳል። 40 ወንዴና 100 ሴቴ ቢያስቀሩ ያው ስሌት 114 ይሰጣል። ከ500 ወንዴ 40 ማስቀረት በራሱ ጠንካራ ምርጫ ነው። ምርጫውን በጥቂት አባት ከማጥበብ ይልቅ በትክክለኛ ሚዛን ማጥራት ይሻላል ባይ ነኝ።

የተጣሉት ወንዴዎች ከሥራቸው ይነቀሉ፤ ከተቆረጡ ጉቶው አቆጥቁጦ ያብባል። ዙሩ በየማለዳው ይደረግ፤ አየሩ ሲሞቅና ሲደርቅ አበቦቹ ይከፈታሉ፣ ያኔ ረፍዷል። የጎረቤት ማሳም አለ፦ የአውሮፓ ኅብረት የዘር ደንብ ወንዴና ሴቴ አበባ በአንድ ተክል ላይ ለሚያወጣው ሄምፕ መነሻ ዘር 5,000 ሜትር ርቀት ይጠይቃል። ያን ያህል ማራቅ የማይችል ሰው ቢያንስ የነፋሱን አቅጣጫና የጎረቤቱን የማበቢያ ጊዜ ያጥና። በእርስዎ ሁኔታ ከሁሉም የሚቀርበው ስጋት ግን የራስዎ የቃጫ ማሳ ነው። ወንዴዎቹ እዚያ ከመርጨታቸው በፊት ይታጨድ፣ ወይም የመምረጫው ማሳ በሌላ ወቅት ይዘራ።

ሴቴዎቹ ቀላል ናቸው። ዘራቸው ሲበስል የእያንዳንዷን ለየብቻ በከረጢት ሰብስበው ቁጥር ይስጡ፤ አገዳዋን ከመካከሉ 25 ሴንቲ ሜትር ቆርጠው በዚያው ሶዳ ይመርምሩ። ያኔ እንጨቱ ስለጠና መቶኛው ከወንዴዎቹ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ሴቴን ከሴቴ እንጂ ከወንዴ ጋር አያወዳድሩ። ከየክፍሉ የተሻሉትን ሴቴዎች ዘር እኩል እኩል ፍሬ ቆጥረው ይደባልቁ። በክብደት ከደባለቁ ብዙ ዘር የሰጠችው ማሳውን ትወርሰዋለች።

ስለ ቃጫው ጥራት ጥቂት ልበል፤ ውጤቱ ሲያድግ የሚደበቅ ነገር ስላለ ነው። በሄምፕ ልጥ ውስጥ ሁለት ዓይነት ቃጫ አለ። አንደኛው አገዳው ገና እየረዘመ ሳለ ይወለድና ከአገዳው ጋር አብሮ ይሳባል፤ አንዱ ሕዋስ ብቻውን 20 ሚሊ ሜትር ያህል ይደርሳል። ሁለተኛው አገዳው መርዘሙን አቁሞ መወፈር ሲጀምር ከውስጥ በኩል ይወለዳል፤ የሚሳብበት ስለሌለው 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ ይቀራል። ለልብስ የሚፈለገው የመጀመሪያው ነው። ሶዳውና ሚዛኑ ግን ሁለቱን አይለዩም፤ በትውልድ ትውልድ ላይ የቃጫ መቶኛ ሲወጣ፣ ከተወሰነ ደረጃ በላይ ጭማሪው በብዛት የሚመጣው ከአጭሩ ነው። ለገመድ፣ ለወረቀት ወይም ለመኪና ክፍል ንጣፍ የሚያመርት ሰው ግድ ላይሰጠው ይችላል። ለፈትል የሚያመርት ግን በየዓመቱ ከመጨረሻዎቹ ምርጦች ቀጭን አግድም ቁራጭ በምላጭ ወስዶ በመቶ እጥፍ ማይክሮስኮፕ ይመልከት፦ ከቆዳው ሥር ትልልቅ፣ በጥቅል የተሰባሰቡ የቃጫ ሕዋሳት ቀለበት አለ፤ ወደ እንጨቱ ጠጋ ብሎ ደግሞ ደቃቃዎቹ ሌላ ቀለበት ይሠራሉ። ውስጠኛው ቀለበት የሌላቸውን ወይም የሳሳባቸውን ይምረጡ። በአገዳው ታችኛ ክፍል ውስጠኛው ቀለበት ሁልጊዜ ይወፍራል፤ ስለዚህ ቁራጩ ከሁሉም ተክል ከአንድ ቁመት ይወሰድ።

ወንዴና ሴቴ አበባን በአንድ ተክል ላይ ስለሚያወጣው ሄምፕም ማንሳት አለብኝ፣ ምክንያቱም ወንዴው ቀድሞ መድረቁ ለቃጫ ማሳ ራስ ምታት ነው። ይህ ዓይነቱ በርስት ሁለት ኤክስ ነው፤ ብናኙ በሙሉ ኤክስ ይይዛል። በእሱ ብናኝ የተረገዘች ተራ ሴቴ ንጹሕ ወንዴ አትወልድም፤ ልጆቿ ከሞላ ጎደል ሴቴዎች ናቸው። ኮምፖልቲን ከፊብሪሞን 21 (ሁለቱንም አበባ በአንድ ተክል ላይ ከሚያወጣ ዝርያ) ጋር በማዳቀል የተገኘውና እ.ኤ.አ. በ1969 የተመዘገበው የሃንጋሪ ዝርያ ኡኒኮ-ቢ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። በእርስዎ ደረጃ ግን በዚህ መንገድ አልጀምርም። ዓይነቱ እጅግ ስስ ነው፤ ከተራ ወንዴ የመጣ ጥቂት ብናኝ ወደ ድሮው ይመልሰዋል፤ ርቀቱ 5,000 ሜትር የሆነውም ለዚህ ነው። በተጨማሪ ተክሉ ራሱን በራሱ ስለሚያስረግዝ የዘመድ ጋብቻው ይፈጥናል።

ሌላ ወላጅ ከውጭ ለማስገባት ካሰቡ ከተመዘገበ፣ ዝቅተኛ ቲኤችሲ (የካናቢስ አስካሪ ንጥረ ነገር) ካለው ዝርያ ይሁን። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2018ቱ የእርሻ ሕግ ጀምሮ ገደቡን 0.3 በመቶ አድርገዋል፤ ፈቃዱንና የየአገሩን ገደብ ከመዝራትዎ በፊት ያጣሩ። ዝቅተኛና ከፍተኛ ቲኤችሲ ያላቸው ሲዳቀሉ ልጆቹ መካከለኛ ሆነው ይወጣሉ፣ ያ መካከለኛ ከገደቡ በላይ ነው።

አንድ ነገር ዛሬውኑ ያድርጉ። ከሦስት ዓመት በፊት የጀመሩበት ዘር ቀሪ ካለዎት፣ በደንብ አድርቀው በማይተነፍስ ዕቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስገቡት፤ የሄምፕ ዘር በክፍል ሙቀት በጥቂት ዓመት ውስጥ የመብቀል ኃይሉን ያጣል። በየዓመቱ ከዚያ መቶ ፍሬ ያህል ከአዲሱ ትውልድ ጎን ለጎን ይዝሩ። ዘንድሮ ዝናቡ በዛ፣ አምና አነሰ፤ ቃጫው የጨመረው ከምርጫው ይሁን ከዝናቡ የሚለየው የድሮው ዘር እዚያው ማሳ ላይ ሲቆም ነው። ቀሪ ከሌለዎት ካለዎት ውስጥ በጣም ያረጀውን ከረጢት ፈልገው ከመቶ ስንት እንደሚበቅል በእርጥብ ጨርቅ ላይ ይሞክሩ፤ ከመቶ ሠላሳ ቢበቅል እንኳ ማሳደጉ ያዋጣል።